«ሕዝብን ማሳተፍ»፦ በጨርጨር ከተሞች የመሬት አጠቃቀም ፕላን ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ከተማ ፕላንና ስለ መሬት አጠቃቀም በሚወጡት አዋጆች፣ መመሪያዎችና ጥናቶች ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ የሚደጋገመው ቃል «ሕዝብን ማሳተፍ» የሚለው ነው። ቃሉን የሚነቅፍ ባለሥልጣን፣ ባለሙያ ወይም ነዋሪ አይገኝም። ሁሉም የተስማማበት ስለ ሆነም ምን ማለት እንደ ሆነ፣ መቼ እንደሚደረግና ማን ማንን እንደሚያሳትፍ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ ቃሉ በአንድ አገር መሬት ላይ፣ ይኸውም በጨርጨር ደጋና ቆላ፣ በጭሮና (በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ) በሌሎቹም የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አኳያ ይመረመራል። ለምርመራው መሠረት የሆኑት ጽሑፎች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161፣ እንዲሁም በግብርናው ሚኒስቴር በኩል በ1997 ዓ.ም. የተዘጋጀው የማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ናቸው።

አስቀድሞ የከተማይቱን አመጣጥ ማስታወስ ይገባል። አሰበ ተፈሪ በ1910ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ በነበሩት በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሳብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በሩሲያ ተምረው የተመለሱትና በኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኒህ ሰው ጨርጨርን ለሌሎቹ ግዛቶች አርአያ ሊያደርጉ ይመኙ ነበር፤ ከተማይቱም የዚህ ምኞት ክፍል ነበረች። ስሟ የአልጋ ወራሽ ተፈሪን ስም ከማሰብ ጋራ አጣምሮ ይዞአል፤ ስለዚህም ስለ ከተማይቱ ያሰበው ማን እንደ ሆነ ስሟ ራሱ ይናገራል። ዛሬ የምትጠራበት ጭሮ የሚለው ስም ግን የአገሬው ነው። አሳቢው ከላይ፣ ነባሩ ከታች የሆነበት ይህ የሁለት ስሞች ነገር እስከ ዛሬ ድረስ በከተማ ፕላን ሥራ ውስጥ የሚታየውን ልዩነት ያመለክታል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ከተማ መሬት የመናገር መብት በየዘመኑ ባለቤቱን ለውጦአል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ በከተማ ምክር ውስጥ ስፍራ የሰጠው የማይንቀሳቀስ ንብረት ላላቸው ነዋሪዎች ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆኑ፣ በባለ ርስቱ ፈንታ የገበሬ ማኅበርና የከተማ ነዋሪዎች ቀበሌ ተተኩ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሲያጸና፣ በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጣቸው። እንግዲህ ከባለ ንብረት ወደ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ ዜጋ የተደረገው ለውጥ ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ መብቱ የተሰጠው ሰው በተለወጠ ቍጥር የመጠየቂያው ጊዜ አብሮ አልተለወጠም። በዚህ ጽሑፍ የሚነቀፈውም ይኸው ነው።

ነገሩ በጨርጨር ይበልጥ የሚከብደው ከመሬቱ ጠባይ የተነሣ ነው። ጭሮ በተራሮች የተከበበች ስለ ሆነች ለቤት መሥሪያ የሚመች ሜዳ ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ሜዳም ብዙውን ጊዜ ማሽላና ጫት የሚበቅልበት የገበሬ ማሳ ነው። ከተማይቱ ወደ ዳገቱ ብትወጣ ጎርፍና የአፈር መሸርሸር ይገጥማታል፤ ወደ ሜዳው ብትሰፋ እርሻውን ትበላለች። በበዴሳና በገለምሶ በኩል ደግሞ በማሳው ላይ ያለው ቡናና ጫት ነው። እነዚህ ተክሎች ለፍሬ ለመብቃት ዓመታት የሚፈልጉ ስለ ሆኑ ገበሬው የሚያጣው የአንድ ዓመት መኸር ብቻ አይደለም። በቆላው በሚኤሶ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ በምድር ባቡሩ መሥመር ላይ ያደገችው ከተማ የኢቱ ኦሮሞና የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች የሚገናኙባት ገበያ ናት፤ መሬቱም የሚለካው በአጥር ሳይሆን በውኃ፣ በግጦሽና በመሄጃ መንገድ ነው። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ «ማኅበረሰብ» የሚለው አንድ ቃል የከተማ ዳር ገበሬውን፣ በኪራይ ቤት የሚኖረውን፣ ባለ ሱቁን፣ ወተት ሻጭዋንና ግመል ጠባቂውን በአንድ ስም ይሸፍናል። ፕላኑ ግን ለእያንዳንዳቸው የሚያመጣው ዕጣ የተለያየ ነው።

«ማሳተፍ» የሚለው ቃል በሰዋስው ረገድ ሲታይ የአስደራጊነት ጠባይ አለው። «ተሳተፈ» ሲባል የድርጊቱ ባለቤት ራሱ ተሳታፊው ነው፤ «አሳተፈ» ሲባል ግን የድርጊቱ ባለቤት ሌላ ነው፣ ሕዝቡም ተሳቢ ሆኖ ይቀራል። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሊታለፍ በቻለ ነበር። ነገር ግን በጽሕፈት ቤቶች ሪፖርት ውስጥ «ይህን ያህል ሕዝብ ተሳትፎአል» ተብሎ ሲጻፍ የሚቈጠረው በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ብዛት ነው እንጂ የተናገረው ቃል ወይም በንግግሩ ምክንያት የተለወጠው መሥመር አይደለም። ሼሪ አርንስታይን የተባለችው አሜሪካዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ባሳተመችው ዝነኛ ጽሑፍ የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላ፣ ማስረዳትና ማማከር የሥልጣን ክፍያ እስካልተከተላቸው ድረስ ከመሰላሉ ወገብ እንደማያልፉ አስረድታለች። ምሳሌዋ የተነሣው ከአሜሪካ ከተሞች ችግር ቢሆንም፣ ለጨርጨርም አንድ ጥያቄ ያቀብላል፤ ይኸውም ሕዝቡ በየትኛው እርከን ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው የሚል ነው።

ወደ አዋጆቹ ስንመለስ መልሱ ይገኛል። አዋጅ ቁጥር 574 የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን ከፕላን መርሆች መካከል ቈጥሮአቸዋል። ከተማ አቀፍ መዋቅራዊ ፕላንንና የአካባቢ ልማት ፕላንን ለይቶ የየራሳቸውን ተግባር ወስኖላቸዋል። በዚህ ረገድ አዋጁ የሚመሰገን ነው። አዋጅ ቁጥር 1161ም ከርሱ በፊት ከነበረው ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 455 በብዙ ረገድ ይሻላል፤ በኋላ ማሻሻያ ቢደረግበትም፣ ሲወጣ ባለ ይዞታዎቹ መሬታቸውን ከማስረከባቸው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ልማቱ ዓይነት፣ ስለ ጥቅሙና ስለ አጠቃላይ አፈጻጸሙ ምክክር እንዲደረግላቸው ደንግጎ ነበር።

ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል። በ1161 መሠረት «የሕዝብ ጥቅም» የሚታወቀው በጸደቀ የመሬት አጠቃቀም ፕላን፣ የልማት ፕላን ወይም መዋቅራዊ ፕላን ላይ ተመሥርቶ ሥልጣን ያለው አካል በሚሰጠው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ገበሬው ስለ ልማቱ ዓይነትና ስለ ጥቅሙ ሲጠየቅ፣ መሬቱ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ በፕላኑ ተዘግቶአል። ይህን ጥያቄ ሊያነሣ ይችል የነበረው ከዓመታት በፊት፣ መዋቅራዊ ፕላኑ ገና በሚረቀቅበት ጊዜ ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ለርሱ ሩቅ ነው፤ ማሳው በወረቀት ላይ ቀለም ሆኖ ስለሚታይ የርሱ መሆኑንም ላያውቅ ይችላል። ሲያስፈልገው ያልተጠየቀ፣ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ የማያስፈልግ ሆነ ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ተረት ለውሻው የተነገረ ነቀፋ ነው፤ በዚህ ስፍራ ግን ውሻው እስኪነጋ ድረስ ታስሮ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

የረቂቁ መድረክ ራሱ እንዴት እንደሚካሄድ ማየት ደግሞ ያሻል። በብዙ የአገራችን ከተሞች የተለመደው አሠራር ይህ ነው። ፕላኑን ከክልል የመጡ ባለሙያዎች ያጠናሉ፤ ረቂቁ ሲያልቅ ቀበሌዎች ሰው እንዲልኩ ደብዳቤ ይጻፍላቸዋል፤ የተላኩትም በአዳራሽ ተሰብስበው በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወይም በመብራት የሚታየውን ካርታ ያያሉ፤ ገለጻ ይደረጋል፤ አስተያየት ይጠየቃል፤ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ይፈረማል። በዚህ አሠራር ውስጥ ሦስት ጉድለቶች አሉ።

የመጀመሪያው የቋንቋ ነው። የፕላን ጥናቶች በብዛት የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በአዳራሹ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ወይም አማርኛ ነው፤ በሚኤሶ ገበያ ደግሞ ሶማልኛም አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ የሚጠፋው የቃሉ ፍቺ ብቻ አይደለም፤ በፕላኑ ላይ «አረንጓዴ ቦታ» ተብሎ የተቀባው ስፍራ ለተሰብሳቢው ደን ወይም መዝናኛ መስሎ ሲታየው፣ በመሬቱ ላይ ግን የአንድ ቤተሰብ ማሽላ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የጥሪ ጉድለት ነው። ቀበሌው የሚጠራው በመዝገቡ የሚያውቀውን ነው። በመዝገቡ የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አባ ወራው ነው። በጭሮ ገበያ አትክልት የምትቸረችረው፣ በሚኤሶ የግመል ወተት ይዛ የምትወጣው ሴት በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት። መንገዱ ቢሰፋና የገበያው ስፍራ ቢዛወር ከሁሉ አስቀድማ የምትጎዳው እርስዋ ሆና ሳለች፣ ስለ መዛወሩ የምትሰማው በመጨረሻ ነው። ጉባኤው ቢቻል በገበያ ቀን፣ በገበያው አጠገብ ሊደረግ በተገባው ነበር።

ሦስተኛውና ዋነኛው የመልስ ጉድለት ነው። ቃለ ጉባኤው ምን እንደ ተባለ ይመዘግባል፤ ከተባለው ውስጥ የትኛው ተቀባይነት እንዳገኘ፣ የትኛው እንደ ተጣለና ስለ ምን እንደ ተጣለ ግን ለተናጋሪው የሚመለስለት ወረቀት የለም። በጨርጨር ሽማግሌዎች ፊት ነገሩን ያሰማ ባለ ጉዳይ ግን ቢረታም ባይረታም ምክንያቱን ሰምቶ ይሄዳል። ሰው የሚቀየመው በተረታበት ነገር ብቻ ሳይሆን ቃሉ የት እንደ ደረሰ ሳያውቅ በቀረበትም ነው።

ይህ ሁሉ ጥቃቅን የአሠራር ጉዳይ የሚመስለው ቢኖር የቅርቡን ዘመን ታሪክ ማስታወስ ይበቃዋል። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን ጋራ የሚያቀናጀው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ፣ በሚያዝያ ወር በኦሮሚያ ተቃውሞ ተነሣ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. እንደገና አገርሽቶ ምዕራብ ሐረርጌን ጨምሮ ወደ ብዙ ዞኖች ተስፋፋ። የብዙ ሰዎች ሕይወት ከጠፋ በኋላ ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. እንዲቀር ተወሰነ። የተቃውሞው ምክንያት የፕላን አረቃቀቅ ብቻ አልነበረም፤ ከሥልጣን፣ ከማንነትና ከቀድሞ በደል ጋራ የተያያዘ ነበር። ሆኖም ከጭሮ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በሚርቅ መሬት ላይ የተሠመረ መሥመር የጨርጨርን ወጣት ያስነሣው፣ ነገ በራሴም ማሳ ላይ ይሠመራል የሚል ሥጋት ስላደረበት መሆኑን መካድ አይቻልም። በኦሮምኛ «ላፋ» መሬት፣ «ላፌ» ደግሞ አጥንት ነው፤ ሕዝቡም መሬታችን አጥንታችን ነው እያለ ሁለቱን ቃላት ያጋጥማቸዋል። አጥንቱ ስለሚወጣበት ሰው የካሳ ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ መቅረብ እንደማይበቃ ይህ አባባል ያስተምራል።

የተሻለ አሠራር በአገሩ ታይቶ አይታወቅም እንዳይባል፣ የተፋሰስ ልማቱ መመሪያ ይህን ክርክር ያፈርሰዋል። መመሪያው ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብሮች ከተገኘ ልምድ የወጣ ሲሆን፣ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚጀምረው ከታች ነው። ነዋሪው የፕላን ቡድኑን ይመርጣል፤ ቡድኑና የግብርና ሠራተኛው ተፋሰሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ይሄዱበታል፤ ካርታው በመጀመሪያ በመሬት ላይ በድንጋይ፣ በአመድና በቅጠል ይሠራል፤ ችግሮቹ በየደረጃቸው ይለያሉ፤ ረቂቁም በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ይጸድቃል። በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሥር ባሉት የምዕራብ ሐረርጌ ወረዳዎች ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በእርግጥ እዚህም ጉድለት አለ። ጉልበቱን ለእርከን ሥራ የሚሰጠው ሰው እህል ወይም ገንዘብ ስለሚጠብቅ፣ መስማማቱ ከእምነት ይሁን ከችግር ለመለየት ያስቸግራል። ሆኖም ካርታውን ራሱ የሠራ ገበሬ ካርታውን ማንበብ እንዲያስተምሩት አያስፈልገውም።

እንግዲህ የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። አንድ ገበሬ በገጠር ቀበሌ ሳለ ስለ ኮረብታው እርከን በእግር ተሄዶ፣ በመሬት ላይ ተሥሎ፣ በጉባኤ ተመክሮ ይጠየቃል። የከተማይቱ ወሰን ተስፍቶ ያው ማሳ ወደ ከተማ ሲገባ ግን ያው ሰው በአዳራሽ ተቀምጦ ያለቀ ካርታ ያያል። የሁለት መሥሪያ ቤቶች ልማድ ተለያይቶ በአንድ ሰው መብት ላይ ወሰን አበጀ። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የሚያውቀውን ማዘጋጃ ቤቱ ሊማር ያልቻለበት በቂ ምክንያት አይታይም።

ለዚህ ጉዳይ የአገሩ ጥንታዊ ሥርዓት ምን ያስተምራል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ኦዳ ቡልቱም ይታሰባል። ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ የሚሰበሰብበት ታላቅ የኦዳ ዛፍ ስፍራ ሲሆን፣ ዛሬ በጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦአል። ጉባኤው የሚጠራበት «ጨፌ» የሚለው ቃልም በመሠረቱ ለምለም መስክ ማለት ነው፤ የክልሉ ምክር ቤትም ይህን ስም ወርሶአል። መሬትና ምክር በአንድ ቃል የተጠሩት፣ ስለ መሬት የሚመከረው በመሬቱ ላይ ተቀምጦ ስለ ነበረ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ገዳ ሁሉን ያሳተፈ ሥርዓት አልነበረም፤ ሴቶች በሥልጣኑ ደረጃዎች ውስጥ ስፍራ አልነበራቸውም። የኢቱ ጉባኤም ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ወዲህ ሥልጣኑን ተነጥቆ ኖሮአል። በከተሞቹ ደግሞ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪውና ጉራጌው አብረው ስለሚኖሩ የአንዱን ወገን ሥርዓት ለሁሉ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ለፕላን ጉባኤ ማስጌጫ ይሆኑ ዘንድ ጥቂት ሽማግሌዎችን ከፊት ወንበር ማስቀመጥ ቅርስን ማክበር አይደለም። ሊወሰድ የሚገባው የጉባኤው ሥነ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም ከውሳኔ በፊት መሰብሰብ፣ ተራ ጠብቆ ሁሉን ማሰማት፣ የተወሰነውን በግልጽ ማወጅና በተወሰነ ዘመን ተመልሶ መመርመር ነው። ይህ ዓይነት ልማድ በሌሎቹም ማኅበሮች አለ። የቀብርና የርዳታ ማኅበር የሆነው አፎሻ፣ በእርሻ ሥራ የሚረዳዱበት ጉዛ፣ የከተማውም እድር አባሎቻቸውን በስም ያውቃሉ፤ ሴቶችም በአፎሻ ውስጥ የራሳቸው ስፍራ አላቸው። ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የጫት ባርጫ እንኳ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ ቦታ የሚነገረው ነገር በአዳራሽ ከሚነገረው ይልቅ ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው፤ ምንም እንኳ ባርጫውም የራሱን ሰዎች ብቻ የሚሰበስብ ቢሆን።

የሚኤሶ ጉዳይ ከዚህም በላይ ይጠይቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ምድር ባቡር በዚያ ሲያልፍ የከተማው መሬት ዋጋ አግኝቶአል። ፕላን አውጪው በደረቅ ወራት መጥቶ ባዶ ያየው ሜዳ በዝናብ ወራት የከብትና የግመል መሰማሪያ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ባለ ይዞታውን» ለማማከር ሲፈለግ የሚጠየቀው ማን ነው? መቼስ ይገኛል? ለገበሬ የተሠራ የምክክር ደንብ የሚዘዋወረውን ሰው ሳያገኘው ይቀራል። የሁለት ክልሎች ወሰንም በዚያው ስለሚያልፍና ወሰኑ ስላስከተለው ሕዝበ ውሳኔና መፈናቀል ገና ትዝታው ትኵስ ስለ ሆነ፣ አንድ የመሬት መሥመር እንደ ፖለቲካ ወሰን ሊታይ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ላይ ከአስተዳዳሪዎች በኩል የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አሳቡ ገና ሳይጸና ለሕዝብ ከተነገረ፣ ደላሎች በከተማ ዳር ያለውን ማሳ በድብቅ ይገዛሉ፤ የጨረቃ ቤቶች በአንድ ሌሊት ይበቅላሉ፤ ካሳ ለመጨመርም ችግኝ ይተከላል ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ በብዙ ከተሞችም ታይቶአል። ነገር ግን ደላላው ምስጢሩን የሚያገኘው ከሕዝብ ጉባኤ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። ምስጢር ሆኖ የተያዘ ፕላን ለሚያውቀው ሰው ዋጋ ያወጣል፤ የሚጎዳውም የማያውቀው ገበሬ ነው። ይልቁንስ የመጀመሪያው ጉባኤ ከመደረጉ አስቀድሞ የማሳዎቹና የቤቶቹ ቍጥር በባለቤቶቹና በጎረቤቶቻቸው ፊት ቢመዘገብ፣ ከዚያ በኋላ የተጨመረውን ለመለየት ያስችላል። ሁለተኛው ተቃውሞ ጊዜና ገንዘብ የለም የሚለው ነው። ለአሥር ዓመት የሚያገለግል ፕላን ሲዘጋጅ ለእግር ጉዞና ለጉባኤ የሚጨመሩት ጥቂት ወራት ብዙ የሚባሉ አይደሉም፤ በ2008 ዓ.ም. ከደረሰው ጋራ ሲነጻጸሩማ እጅግ ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ የአካባቢ አስተዳደሮችን ለመርዳት የሚያስፈልገው ስለ ተሳትፎ ጥቅም የሚናገር ሌላ መመሪያ አይደለም። የሚያስፈልገው የቅደም ተከተል ለውጥ ነው። ባለሙያው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ከነዋሪው ጋራ የከተማይቱን ዳርቻ በእግር ይዙር፤ የመጀመሪያው ካርታ በመሬት ላይ ይሠራ፤ ረቂቁ አንድ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ሆኖ በአገሩ ቋንቋ ይቅረብ፤ የተነገረው አስተያየት ከነመልሱና ከነምክንያቱ ተጽፎ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የሚዛወርባት ገበያ ያላት ሴትና የሚዘጋበት የከብት መንገድ ያለው አርብቶ አደር በስማቸው ይጠሩ።

ለምሁራንና ለተማሪዎችም የሚቀር ሥራ አለ። በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ ያሉት የፕላን ቃለ ጉባኤዎች ተሰብስበው ከጸደቁት ካርታዎች ጋራ ቢተያዩ፣ በሕዝቡ ቃል ምክንያት የተለወጠ መሥመር አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይመለሳል። እስከዚያ ድረስ በሪፖርት የሚጻፈው የተሰብሳቢ ብዛት የመገኘት ማስረጃ እንጂ የመሳተፍ ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።